ከአራቱ ኢሙሌተር የሚፈልገው አንዱ ነው፤ እሱም ምናልባት

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ከቤቴ ጋር የተያያዘች ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ተማሪዎቹ ፋይል የሚልኩልኝ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ስለሆነ ስልኬን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር እየሰካሁና እየነቀልኩ ቀኑ ያልቃል። ክፍያውም በቴሌብርና በባንክ ነው፤ ገባ አልገባ እያልኩ ስልክ ስነካካ ወረፋው ይረዝምብኛል። ማታ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ልጄ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ያሉበትን አፕ በዚያው ስልክ ታጠናለች። አፑ የኮምፒውተር የለውም፣ ዓይኗ አለቀ። የስልክ አፕ በኮምፒውተር የሚከፍት ነጻና ቀላል ሶፍትዌር አለ ይባላል። ጎረቤቴ አንዱን ጭኖልኝ ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አስጠፋሁት። ያገለገለ ዴል ነው፤ ኮር አይ 5 አራተኛ ትውልድ፣ ራሙ 4፣ ዊንዶውስ 10። የቱን ልጫን?

ምላሽ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ አንድ ሶፍትዌር ነው፤ የዘረዘሩት ግን አራት ጉዳይ ነው፦ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ የክፍያ ማረጋገጫና የልጅዎ ጥናት። ያ የስልክ አፕ በኮምፒውተር የሚከፍተው ሶፍትዌር ኢሙሌተር ይባላል፤ ሊያስፈልገው የሚችለው የመጨረሻው ብቻ ነው፣ እሱም ምናልባት። ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። «ተንቀርፍፎ ሞተ» ተብሎ የመጣልኝን ማሽን ስከፍት ሁለት ሦስት ኢሙሌተር ተደራርቦበት ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ለምን ጫንከው ስል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ለቴሌግራም» ነው።

ጎረቤትዎንም አይቀየሙት፣ ያጠፋው ነገር የለም። ኢሙሌተር ማለት በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ሌላ ስልክ ነው። የራሱ አንድሮይድ አለው፣ ራም ይበላል፣ ዲስክ ይይዛል። በዚያ ላይ የስልኮች ፕሮሰሰር በአብዛኛው ኤአርኤም የሚባለው ዓይነት ሲሆን የእርስዎ ዴል ኢንቴል ነው። ለኤአርኤም ብቻ የተሠራ አፕ ሲከፈት እያንዳንዱ ትእዛዝ በአስተርጓሚ በኩል ያልፋል፤ ይህም ጉልበት ይፈጃል። ከ4 ጊጋ ራም ዊንዶውስ 10 ብቻውን ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ክሮምና ወርድ ተከፍተው እያለ ኢሙሌተር ሲጨመር ራሙ ያልቅና ዊንዶውስ የጎደለውን ከሃርድ ዲስኩ ይበደራል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር ኤሊ ነው። ማሽንዎን ያቆመው ይህ ብድር ነው።

ስለዚህ ከቀላሉ እንጀምር።

ቴሌግራም የራሱ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አለው፤ ነጻ ነው፣ 4 ጊጋ ራም ላይም ሳያስቸግር ይሠራል። ከራሱ ከቴሌግራም ገጽ ያውርዱት። ሲከፍቱት ባለ ነጠብጣብ ካሬ፣ ማለትም ኪውአር ኮድ ያሳያል። በስልክዎ ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ሊንክ ዴስክቶፕ ዲቫይስ ብለው ካሜራውን ካሬው ላይ ያሳርፉ፤ አለቀ። ከዚህ በኋላ ተማሪው የላከው ፋይል በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፣ ከዚያው ያትሙታል፣ ገመዱም ያርፋል።

እንደ እርስዎ ላለ ሱቅ ግን ልክ እንደጫኑት የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ። አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ የሚለውን ያጥፉ፤ አለበለዚያ ያሉበት ግሩፕ ሁሉ ቪዲዮውን እያራገፈ ጥቅልዎን ይጨርሰዋል። እዚያው አድቫንስድ በሚለው ክፍል ፋይል ሲወርድ የት ላስቀምጥ ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግም ይቻላል። የተማሪ ፋይል ሁሉ ስሙ «ፋይናል» ስለሆነ ለየቀኑ አንድ ፎልደር ከፍተው እዚያ ቢያጠራቅሙት በሰኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጎርፍ ይድናሉ። ፓስኮድም ያድርጉበት፤ ከዚያ ከወንበር ሲነሱ ኮንትሮልና ኤልን አንድ ላይ መጫን ቴሌግራሙን ይቆልፈዋል። ደንበኛ «እስቲ እኔ ልፈልገው» ብሎ ማውዙን ሲይዝ የግል መልእክትዎ ፊቱ ላይ መሆኑን አይርሱ። ከተቻለ ደግሞ ለሱቁ ሌላ ሲም አውጥተው በዚያ ቁጥር ቢከፍቱት ይሻላል፤ ስንት ባች ተማሪ የእርስዎን የግል ቁጥር ይዞ ከጎንደር እንደወጣ ያስቡት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄው ትንሽ ቢወጣም። ዊንዶውስ የፋይልን የመጨረሻ ፊደሎች ይደብቃል፤ ስለዚህ ስሙና ምልክቱ ወርድ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ፕሮግራም የሆነ ቫይረስ ሊላክልዎ ይችላል። ማንኛውንም ፎልደር ከፍተው ላይኛው ቪው በሚለው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የምትለዋን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት። ከዚያ በኋላ ስሙ በኢ፣ ኤክስ፣ ኢ የሚያልቅ «አሳይንመንት» ከመጣ አይክፈቱት።

ዋትስአፕም እንደዚያው ነው፤ በብሮውዘር ይከፈታል፣ በስልኩ ሊንክድ ዲቫይስስ በሚለው በኩል ካሬውን ማንበብ ብቻ ነው። አንድ አካውንት ከስልኩ ሌላ እስከ 4 መሣሪያ ድረስ ይያያዛል። ስልክዎ ቢጠፋም በኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ስልኩ ለ14 ቀን ሳይከፈት ከቆየ ግን ማያያዣው ይቋረጣል።

ክፍያው ላይ እንምጣ፤ እዚህ ጋ ጠንከር ብዬ ልናገር። ቴሌብርንም ሆነ የባንክ አፕን ኢሙሌተር ውስጥ አይጫኑ። አንደኛ፣ እንዲህ ያሉ አፖች የተከፈቱበት መሣሪያ እውነተኛ ስልክ መሆኑን የሚመረምሩበት መንገድ ስላላቸው እምቢ ሊሉዎት ይችላሉ። ሁለተኛና ዋናው፣ እሺ ቢሉ እንኳ ፒንዎን የሚጽፉት ስንት ፍላሽ በሚሰካበት የሱቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ገንዘብዎ ያለበት አፕ ከስልክዎ አይውጣ። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ቴሌብርን በኮከብ 127 መሰላል ማየት ስለሚቻል ለዚያም ኮምፒውተር አያስፈልግም።

እርስዎን ያስቸገረዎት ግን አፑ አይመስለኝም፣ ገንዘብ መግባቱን የሚነግረው አጭር መልእክት ነው። እሱን ኮምፒውተሩ ላይ ማየት ይቻላል፣ ያውም ምንም ሳይጫን። ስልክዎ ላይ ኤስኤምኤስ የሚከፍተው አፕ የጉግል ሜሴጅስ ከሆነ (በብዙ አንድሮይድ ስልኮች እሱ ነው፣ ካልሆነም ከፕሌይ ስቶር በነጻ ይወርዳል) በኮምፒውተሩ ብሮውዘር የጉግል ሜሴጅስን የድር ገጽ ይክፈቱ። በስልኩ በኩል አፑ ላይ የራስዎን ምስል ነክተው ዲቫይስ ፔሪንግ ይበሉና ካሬውን ያንብቡ። ከዚያ ስልክዎ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ መልእክቱ ሞኒተሩ ላይ ይወጣል። ስልኩ ግን ኢንተርኔቱ መከፈት አለበት። ደንበኛ የሚያሳይዎትን ስክሪንሾት ከማመን ይህ እጅግ ይሻላል፤ ስክሪንሾት በስልክ የሚቀነባበር ነገር ነው። ጎኑ ደግሞ ይህ ነው፦ ከባንክ የሚላኩ የማረጋገጫ ኮዶችም እዚያው ሞኒተር ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ሞኒተሩን ከደንበኛ መቀመጫ ያዙሩት፣ ሲነሱም የዊንዶውስን ቁልፍና ኤልን ተጭነው ኮምፒውተሩን ይቆልፉ። ይህን መልመድ ካልቻሉ ባያያይዙት ይሻላል።

እስካሁን ሦስቱ ተፈቱ፤ ራም አልጨመርንም፣ ኢሙሌተርም አልጫንንም።

የልጅዎ ጉዳይ ነው የቀረው። መጀመሪያ እንድትሞክሩት የምፈልገው ስክሪን ኮፒ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ሲጻፍ ኤስ፣ ሲ፣ አር፣ ሲ፣ ፒ፣ ዋይ ነው፣ እንዲሁ ተነባቢ ብቻ። የሠራው ጄኒሞባይል የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ሲሆን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በነጻ ይሰጣል። ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ስልኩም ላይ የሚቀር አፕ አይጭንም። ሥራው የስልኩን ስክሪን በገመድ አምጥቶ ሞኒተሩ ላይ መዘርጋትና በኪቦርድና በማውዝ ማዘዝ ነው። አፑን የሚያንቀሳቅሰው ስልኩ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የሚወድቀው ሸክም ቀላል ነው። የእርስዎ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል ብቻ ሳይሆን ይተርፈዋል። ሰዎች ኢሙሌተር ኢሙሌተር ሲሉ ይህን ባለማወቃቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጊትሃብ በተባለው የፕሮግራም ሠሪዎች ድረ ገጽ ላይ ካለው የራሱ ገጽ ለ64 ቢት ዊንዶውስ የተዘጋጀውን ዚፕ ያወርዳሉ፤ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ዚፑን ይፈቱና ፎልደሩን ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጡታል፣ ኢንስቶል የሚባል ነገር የለውም። ስልኩ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ አባውት ፎን ገብተው ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ይነኩታል። ያኔ ደቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባል አዲስ ክፍል ይከፈታል፤ እዚያ ገብተው ዩኤስቢ ደበጊንግ የሚለውን ያበሩታል። ስልኩን በገመድ ይሰኩታል፣ ስልኩ ይህን ኮምፒውተር ልመን ወይ ሲል እሺ ይሉታል፣ ከዚያ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ሁለቴ መጫን ነው። የቀኝ ማውዝ ወደ ኋላ ይመልሳል። አንድሮይድ 5 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ሁሉ ይሠራል፤ ድምፁም በኮምፒውተሩ ይውጣ ካሉ ግን ከ11 ጀምሮ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ገመዱ ላይ ነው። ከመንገድ የሚገዛው ርካሽ ገመድ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን እስከ ዛሬ ፋይል ሲያሻግሩበት የኖሩት ገመድ ስላለዎት ያው በቂ ነው። ስልኩ ሻኦሚ ከሆነ ደግሞ ምስሉ መጥቶ ማውዙ አልታዘዝ ሊል ይችላል፤ እዚያው ደቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ስለ ሴኪውሪቲ የሚለውን ሁለተኛውን የዩኤስቢ ደበጊንግ ማብሪያም ያብሩት።

ጥናቱ ሲያልቅ ያንን ማብሪያ መልሰው ያጥፉት። ደበጊንግ ተከፍቶ የሚያድር ስልክ በር ሳይዘጋ እንደሚታደርበት ቤት ነው። አንዳንድ የባንክ አፖችም ደቨሎፐር ኦፕሽንስ ክፍት ሆኖ ካገኙ አንከፈትም ይላሉ፤ ጠዋት ባንኩ እምቢ አለኝ ብለው እንዳይደነግጡ።

ታዲያ ስክሪን ኮፒ የማይሠራው መቼ ነው? አፑ ስክሪንሾት የሚከለክል ሆኖ ከተሠራ ነው፤ የባንክ አፖችና አንዳንድ የትምህርት አፖች እንዲህ ያደርጋሉ። ያኔ ሞኒተሩ ላይ የሚመጣው ጥቁር ሜዳ ብቻ ነው። ምንም ከማውረድዎ በፊት ይህን ማወቅ ቀላል ነው፦ ልጅዎ አፑን ከፍታ ስልኩ ላይ ስክሪንሾት ለማንሣት ትሞክር። ከተነሣ ስክሪን ኮፒ ይሠራል ማለት ነው፤ ከተከለከለ የኢሙሌተር ተራ ደረሰ። ሌላው ምክንያት ማታ ማታ ስልኩን እርስዎ ራስዎ የሚፈልጉት ከሆነ ነው። ያኔም ኢሙሌተር ይገባል።

ወደዚያ ከሄድን መጀመሪያ ራሙን 8 ያድርሱት። አራተኛው ትውልድ ዴል ዲዲአር 3 የሚባለውን ይወስዳል፤ አሮጌ ስለሆነ ያገለገለውን አራዳ ገበያ አካባቢ ከሚገኙ የኮምፒውተር ዕቃ ቤቶች ጠይቀው ማግኘት አይከብድም። የነበረውን ነቅለው ይዘው ይሂዱና «ይህንን የመሰለ» ይበሉ። ማሽኑ ከመጽሐፍ ብዙም የማይበልጠው ማይክሮ የሚባለው ዓይነት ከሆነ የላፕቶፕ ራም ነው የሚገባው፤ የትልቁን ቢገዙ አይገጥምም። ገንዘብ ከተረፈ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ እጅግ የሚፈጥነውን ማከማቻ፣ ቢጨምሩ ለሱቁ ሥራም ሌላ ሕይወት ነው።

ቀጥሎ ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በውስጡ ሌላ መሣሪያ እንዲያስኬድ የሚረዳው፣ መብራቱን ይዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ። ታች በኩል ቨርቹዋላይዜሽን ኢኔብልድ ካለ ደኅና። ዲሴብልድ ካለ ኢሙሌተሩ ወይ አይነሣም ወይ ይሳባል፤ ጎረቤትዎ የጫነውም በዚህ ምክንያት ጭምር ሊሆን ይችላል የቆመው። ለማብራት ኮምፒውተሩ ሲነሣ የዴል ምልክት እንደታየ ኤፍ 2ን ደጋግመው ይጫኑ፣ ቨርቹዋላይዜሽን ሰፖርት የሚለውን ፈልገው ያብሩ፣ አፕላይ ብለው ይውጡ። በኤችፒ ቢሆን ኤፍ 10 ነበር። ሌላ ነገር አይንኩ።

የቱን ልጫን ላሉት፣ ለእርስዎ ማሽን ብሉስታክስ 5ን እመርጣለሁ። የሚጠይቀው ትንሹ 4 ጊጋ ራምና 5 ጊጋ ባዶ ዲስክ ነው፤ ዊንዶውስ 7 ላይ እንኳ ይሠራል። ከሌሎቹ የመረጥኩት የአንድሮይዱን ዓይነት መምረጥ ስለሚያስችል ነው። ቀላሉ ኑጋት 32 ቢት ነው፤ በእሱ ይጀምሩ፣ አፑ «አንድሮይዱ አርጅቷል» ካለ ወደ ፓይ ይሻገሩ። ሴቲንግሱ ውስጥ ፐርፎርማንስ ላይ ሲፒዩ 2 ኮር፣ ራም 2 ጊጋ፣ ሞዱን ሎው ሜሞሪ ያድርጉት። ለጥያቄና መልስ አፕ ይህ ይበቃል። ኤልዲፕሌየርም ጥሩ ነው፣ ሚሙም አለ፤ ሁለቱም በዋናነት ለጌም ተጫዋች የተሠሩ ናቸው። ኖክስ የተባለውን ሌላ ኢሙሌተር በተመለከተ በ2021 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ኩባንያው ኢሴት የማዘመኛ መስመሩ ተጠልፎ ቫይረስ እንደተላከበት አውጥቶ ነበር። ኢሴት ካያቸው ከመቶ ሺህ ከሚበልጡ የኖክስ ተጠቃሚዎች መካከል የተጠቁት 5 ብቻ ነበሩ፤ ቢሆንም ምርጫ እያለ እኔ ለደንበኛ አልጭነውም።

ማውረዱ ላይ ይጠንቀቁ። ሲፈልጉ ከላይ የሚመጣው ውጤት ማስታወቂያ ሊሆን ስለሚችል አድራሻው የኩባንያው የራሱ መሆኑን ይዩ። በፍላሽ ከሚዞረውም፣ «ክራክ ተደርጓል» ከሚባለውም ይራቁ፤ በነጻ የሚሰጥ ነገር ምን ክራክ ይፈልጋል? መጀመሪያ የምትወርደው ፋይል ትንሽ ናት፤ ስትከፈት ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ትጎትታለች፤ የሌሊት ጥቅል ገዝተው ያኔ ያውርዱት። ሲጫን ሌላ ብሮውዘር ወይም ጌም ልጨምር ካለዎት ዲክላይን ይበሉ። ማስታወቂያ ግን አይቀርም፤ የነጻነቱ ዋጋ እሱ ነው።

ውስጡ ሲገቡ የጉግል አካውንት ይጠይቃል። የእርስዎን አይስጡት፣ ለዚሁ ብቻ አዲስ ይክፈቱ። አፑን ደግሞ እንደገና ከማውረድ በዜንደር ከስልኩ ወደ ኮምፒውተር አሳልፈው ፋይሉን ብሉስታክስ መስኮት ላይ መጣል ይቻላል። አንዳንድ አፕ ግን ከፕሌይ ስቶር ሲመጣ ተከፋፍሎ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይነሣም፤ ያኔ ከስቶሩ ማውረድ ግድ ነው።

መብራት ላይ አንድ ቃል። ኢሙሌተሩ ሁሉን ነገሩን የሚያስቀምጠው በጥቂት ትልልቅ ፋይሎች ውስጥ ስለሆነ ሥራ ላይ እያለ መብራት ድንገት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽና ልጅዎ የሠራችው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ዩፒኤስ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ መብራቱ መብረቅረቅ በጀመረ ሰዓት ዝም ብላ ትዝጋው። ሌሊቱን ሙሉ ከፍቶ ማደር አይገባም። በስክሪን ኮፒ ግን ይህ ሐሳብ የለም፤ መብራት ቢሄድ ስልኩ በባትሪው ይቀጥላል፣ ትንሿ ስክሪን ላይ ትጨርሰዋለች።

ሌሎች ስሞችም ይነግሩዎት ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ራሱ አንድሮይድ ይከፍታል የሚሉ ቪዲዮዎች ዛሬም ይዞራሉ፤ ያንን ማይክሮሶፍት የካቲት 26 ቀን 2017 ዘግቶታል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ለአፕ ሠሪ ነው፣ ለእርስዎ ማሽን ከባድ። ዌይድሮይድ ሊኑክስ ለለመደ ሰው ግሩም ነው፣ አሁን አይነካዎትም። የአይፎን አፕ በዊንዶውስ እከፍታለሁ የሚል ሶፍትዌር ካዩ ይለፉት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ገንዘብ የሚያልፍበትን ነገር ከዚያ ኮምፒውተር አርቁት ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ስለ ዊንዶውሱ ግን ሌላ ቀን ብንነጋገር ይሻላል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ፦ ዛሬ ቴሌግራምና ዋትስአፑን ያያይዙ። ማታ ልጅዎ ስክሪንሾቱን ትሞክር። ከተነሣ ዚፑን አውርዳ ራሷ ትስራው፤ የ12ኛ ክፍል ልጅ አያቅታትም። ካልተነሣ ራሙን ገዝተው ኤፍ 2 ላይ ሲደርሱ ከፈሩ ወደሚያውቁት ጠጋኝ ይውሰዱት፤ ሞኒተሩን ግን አይሸከሙ፣ ሲፒዩ የሚሉትን ሣጥኑን ብቻ ይዘው ይሂዱ።